ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሰፈሩ፦ የማኅበረሰብ የመሬት አደራ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሚያፈላልግ ሰው አንዳንዴ ግር የሚል ማስታወቂያ ያጋጥመዋል። በሰፈሩ ያለው ቤት ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ አንዱ ብቻ በጣም ረክሶ ይሸጣል። ዝቅ ብሎ ሲያነብ "መሬቱ አብሮ አይሸጥም" ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ "ይሄማ ማጭበርበር ነው" ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ቆም ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። አሠራሩ የማኅበረሰብ የመሬት አደራ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈር ሰዎች ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ያቋቁማሉ። ማኅበሩ መሬት ይገዛል፣ ወይም ከከተማው አስተዳደር ይረከባል። ከዚያ በኋላ ያንን መሬት አይሸጥም። በላዩ ላይ ያለውን ቤት ግን ይሸጣል። ገዢው የቤቱ ባለቤት ይሆናል። መሬቱን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ99 ዓመት፣ በሚታደስ ውል፣ በትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ይከራያል። ቤቱ የሚረክሰው የመሬቱ ዋጋ ስለማይጨመርበት ነው።

"ታዲያ ይሄ የእኛው ሊዝ አይደል?" የሚል ይኖራል። ይመሳሰላል። አገር ቤትም ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ መሬት አይሸጥም። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅም የመኖሪያ ቤት ውል 99 ዓመት ነው። ዋናው ልዩነት መሬቱ በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። እዚያ መሬቱን የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው። እዚህ ጎረቤት የመረጠው ቦርድ ነው። በተለመደው አወቃቀር ከቦርዱ ወንበር አንድ ሦስተኛውን በአደራው መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይይዛሉ። ሌላውን አንድ ሦስተኛ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ የቀረውን ደግሞ ባለሙያዎችና የሕዝብ ተወካዮች ይይዙታል። እድርተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ንብረቱ የጋራ ነው፣ ዳኛው ይመረጣል፣ በድንኳኑና በወንበሩ ማንም ለብቻው አይነግድም።

"አደራ" የሚለውን ቃል የወደድኩትም ለዚህ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው በእጁ አለ፣ ግን እንዳሻው አያደርገውም። ጠብቆ ለሚመጣው ያስረክባል።

ሐሳቡ የተወለደው ደቡብ ጆርጂያ፣ ጥቁር ገበሬዎች መካከል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ ለምርጫ ተመዝግባችኋል ተብለው ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬትና ከሚኖሩበት ጎጆ ተባረሩ። ቻርልስ ሼሮድን የመሳሰሉ የሲቪል መብት ታጋዮች አንድ ነገር ገባቸው። ቤትህ በሌላ ሰው መሬት ላይ ከሆነ፣ ድምፅህም በእሱ እጅ ነው። በ1968 ጥቂቶቹ እስራኤል ሄደው የጋራ መሬት ለገበሬ በረጅም ውል እንዴት እንደሚከራይ አጠኑ። በ1969 ኒው ኮሚዩኒቲስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ወደ 5,700 ኤከር መሬትም ገዙ። በእኛ ልኬት 58 ጋሻ ገደማ ነው። በኋላ ድርቅ መታቸው። የመንግሥት የገበሬዎች ብድር መሥሪያ ቤትም አስቸኳዩን ብድር አጓተተባቸው። በ1985 መሬቱን አጡ። መድልዎ እንደተፈጸመባቸው ተረጋግጦ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ የተፈረደላቸው በ2009 ነው።

ከተማ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ቦስተን መሄድ ይሻላል። ሮክስበሪ በሚባለው አካባቢ ዱድሊ ስትሪት የሚባል ሰፈር አለ። ባንኮች ለዚያ ሰፈር ብድር አንሰጥም አሉ። አንዳንድ አከራዮች የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል የራሳቸውን ቤት አቃጠሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 1,300 ገደማ ባዶ ቦታ ነበር። ከሌላ ሰፈር የጭነት መኪና እየመጣ የበሰበሰ ሥጋ፣ አሮጌ ፍሪጅና የግንባታ ፍርስራሽ ይደፋበት ነበር። ልጆች በዚያ መሃል ነው የሚጫወቱት።

በ1984 አንድ ፋውንዴሽንና የአካባቢው ድርጅቶች ሰፈሩን ለማደስ ተነሱ። ዕቅዳቸውን ለነዋሪው ባቀረቡ ጊዜ ግን ሕዝቡ ተቆጣ። በቦርዱ ውስጥ ለነዋሪው የተተወው ጥቂት ወንበር ብቻ ነበር። እዚህ ማን ነው የሚኖረው? እኛ ወይስ እናንተ? አዘጋጆቹ ሰምተው ዕቅዱን ቀየሩ፤ አብዛኛው ወንበር የነዋሪው ሆነ። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኬፕ ቨርዳውያን፣ ላቲኖዎችና ነጮች በቁጥር ሳይበላለጡ እኩል ወንበር ያዙ። ስብሰባው በሦስት ቋንቋ ተካሄደ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መሬቱ ገና በእጃቸው ሳይገባ፣ ወሳኙ ማን እንደሆነ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ዘመቻ ስለ ቆሻሻ ነበር፤ "እኛ ላይ አትድፉ" የሚል። ከንቲባ ሬይ ፍሊን ሕገወጦቹን የቆሻሻ ማራገፊያዎች ዘጋላቸው። ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነው። ከባዶው መሬት ግማሽ ያህሉ የከተማው፣ ግማሹ ደግሞ የግለሰቦች ነበር። እንደ ተቀዳደደ ጨርቅ የተበጣጠሰ ነው። ባለቤቱ ግብር ሳይከፍል የጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ሰፈር መገንባት አይቻልም።

ስለዚህ ደፍረው አንድ ነገር ጠየቁ። መሬትን ለሕዝብ ጥቅም ካሳ ከፍሎ የመውሰድ ሥልጣን ለእኛ ይሰጠን አሉ። በ1988 ተሰጣቸው። በአሜሪካ ይህን ሥልጣን ያገኘ የመጀመሪያው የሰፈር ማኅበር ነው። "ለልማት ትነሳላችሁ" የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይሸበራል፤ አውቃለሁ። ዱድሊ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሥልጣኑን የያዙት ሁልጊዜ የሚፈናቀሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የሚሠራውም ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ማንም ከቤቱ አይወጣም።

ከፎርድ ፋውንዴሽን 2 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ ግንባታው ተጀመረ። ዛሬ በአደራው መሬት ላይ ከ220 በላይ ቤቶች አሉ። መጫወቻ ሜዳና የከተማ እርሻም አለ። የድሮ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ትልቅ ግሪንሃውስ ቆሞ አትክልት ይበቅልበታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ለምሳሌ ያህል ገበያው ላይ 400,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት አለ እንበል። አደራው መሬቱን ያስቀርና ቤቱን በ220,000 ይሸጥላችኋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋው በ100,000 ጨመረ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ቀመር ከጭማሪው ሩብ ለሻጩ የሚል ነው። ስለዚህ በ245,000 ትሸጣላችሁ። ለባንክ ስትከፍሉ የቆያችሁትም የእናንተው ነው። ቀጣዩ ገዢም እንደ እናንተው አቅሙ የሚፈቅድለትን ቤት ያገኛል።

"እና ትርፌን ለምን እተዋለሁ?" ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ መንገድ ሀብታም አይኮንም፤ ይህን ደብቆ የሚያወራችሁን አትመኑ። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መግዛት የሚችል ሰው በራሱ ቢገዛ ያዋጣዋል። አደራው የሚጠቅመው በኪራይ ለሚኖረው፣ በየዓመቱ ለሚጨመርበት ሰው ነው። እሱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲወጣ እጁ ላይ ምንም አይቀርም። ደግሞ የመሬት ዋጋ በአንድ ቤት ባለቤት ላብ ብቻ አይጨምርም። ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሰፈሩ ሰላም፣ ምግብ ቤቶቹ ናቸው የሚያስወድዱት። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት ከፍተው ሰፈሩን ያደመቁ ስንት ወገኖቻችን ናቸው ኪራዩ ሲንር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የሄዱት። ያደመቁት እነሱ፣ የተጠቀመው መሬቱን የያዘው። ዛሬ በዚያችው ከተማ ዳግላስ የተባለ የመሬት አደራ አለ።

ስለ ብድርም ልጨምር። በ2010 መጨረሻ በአሜሪካ ከተለመዱት የቤት ብድሮች 4.63 በመቶው ባንክ ሊወስዳቸው በሂደት ላይ ነበሩ። በአደራ መሬት ላይ ካሉት ግን 0.46 በመቶው ብቻ። አንዱ ምክንያት ማኅበሩ መክፈል ያቃተውን ሰው ቀድሞ ያውቃል፤ ከባንኩ ጋርም ይነጋገርለታል።

ለመግዛት የምታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመሸጫ ቀመሩ ስንት ነው? የትኞቹ ባንኮች ናቸው ለዚህ መሬት የሚያበድሩት? ቦርዱን የሚመርጠው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ለልጅ ይወረሳል፣ ውሉም አብሮ ይተላለፋል። ግን በየማኅበሩ ይለያያልና በጽሑፍ እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ።