ሱባኤ በጎጃም

ሱባኤ ክርስቲያን ለተወሰኑ ቀናት ከዕለት ሥራው ተለይቶ በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ራሱን የሚመረምርበት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ሲሆን እንደ ሰውየው አቅም እስከ 40 ይረዝማል። በግል፣ በማኅበር ወይም በአዋጅ ይያዛል፤ ለአዋጁ ዋነኛ አብነት የሚሆነው የነነዌ ሰዎች የ3 ቀን ጾም ነው።

በጎጃም ገጠር ብዙውን ሕዝብ የሚያሳትፈው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ ነው። ሌሊት ሰዓታት የሚባለው የዜማ ጸሎት ይቆማል፤ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ከሰዓት በኋላ ይቀደሳል። ወሩ የጤፍ አረም የሚበረታበት ስለሆነ ገበሬው እንደ መነኩሴ ሊዘጋ አይችልም። ቀን ማሳው ላይ ውሎ ሌሊት ሰዓታቱን ቢቆም ሱባኤው አይጎድልበትም። አዛውንቶችና መበለቶች ግን ከደብሩ አጠገብ ጎጆ ይዘው በበሶ፣ በቆሎና በአሹቅ ይሰነብታሉ። ራቅ ብሎ ለመያዝ የሚሻ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል ወይም ወደ ጣና ገዳማት ይሄዳል። ሴቶች ዘጌ ወዳለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት መግባት ይችላሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የወንዶች ብቻ ናቸው።

ሱባኤ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው በአመዛኙ ገና ሳይገባ ነው። አስቀድሞ ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናዘዝ፣ የቀኑን ብዛት፣ የጸሎቱንና የስግደቱን ልክ ከእርሳቸው መቀበል ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዕርቅ ይመጣል። በወሰን ከተጣሉት ጎረቤት ጋር ሳይታረቁ፣ የሰው ገንዘብ ይዘው መግባት በማቴዎስ 5፥23-24 «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ተብሎ የተነገረውን መዝለል ነው። እኛ ከሁሉ አጥብቀን የምናሳስበው ይህን ነው፤ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ከ100 ስግደት ይከብዳልና ብዙ ሰው ስግደቱን ይመርጣል።

የዕለቱ ጸሎት በ7 ጊዜያት ይደርሳል፦ ነግህ (ማለዳ)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት። ዳዊት የሚደግም ሰው ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ያደርሳል። ማንበብ የማይችል አባታችን ሆይንና በመቁጠሪያ 41 ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን) ቢያደርስ ይበቃዋል። በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም።

በጀማሪዎች ዘንድ የሚደጋገመው ስሕተት ከአቅም በላይ መጀመር ነው። በመጀመሪያው ቀን 300 ሰግዶ በሦስተኛው ወገቡ የተያዘ ሰው ሱባኤውን አቋርጦ በተስፋ መቁረጥ ይወጣል፤ በ12 ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ሌላው ሕልምን እንደ ራእይ ቆጥሮ ማውራት ነው። ረኃብና እንቅልፍ ማጣት ብዙ ነገር ያሳያሉ፤ የታየውን ለንስሐ አባት ብቻ ነግሮ ዝም ማለት ከትዕቢት ይጠብቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ጾሙን በንስሐ አባቷ ምክር ትመጥነዋለች።

ሌላም አለ፤ ከሁሉ ስውሩ እርሱ ነው። አንዳንዱ 7 ቀን ሙሉ ሥራ እንዲሰጠው፣ ጉዳዩ እንዲሰምርለት ብቻ ይለምናል። መለመኑ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ቁጣውን፣ ቂሙንና ምላሱን ሳይመረምር ከወጣ የተጣላት ሚስቱ ያንኑ ሰው ነው የምትቀበለው።

ሲፈታ ምግቡ ቀስ ተብሎ ይጀመራል፤ በመጀመሪያው ቀን አጥሚት ወይም ቀጭን ሾርባ ይመረጣል። ጸሎቱም በአንድ ጊዜ አይጣልም። የነግሁንና የንዋሙን መያዝ፣ ከቻሉም በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር መድገም ይለመዳል። በሱባኤው የታሰበ ያልተመለሰ ዕዳ ወይም ያልተፈታ ጠብ ካለ፣ ሰውየው በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባቱ ተመልሶ ዕዳውን የሚከፍልበትን፣ ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ይቆርጣል።