ትንፋሽ የሚያሳጥረው ጋዝና የከሰሉ ጋዝ አንድ አይደሉም

በዋናነት «ተንፍስ» የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። በደም ያለው ጤናማ ልክ ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ነው። ሲያልፍ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ አንጎልም ትንፋሽን ያፈጥናል፤ በጣም ሲከማች ራስ ምታትና ድብታ ያመጣል። በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ከልክ በላይ ስለሚያስወጣው ጣቱ ይደነዝዛል፣ ያዞረዋል። የኦክስጅን ማነስም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናትና፣ አየሩም ሳሳ ስለሚል፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንሽ ፈጠን ብሎ ቢተነፍስ አይደንቅም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሌላ ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። በብርድ ሌሊት በር ዘግተው ከሰል ሲያሳድሩ የሚወጣው ይህ ጋዝ አይሸትም፣ የመታፈን ስሜትም አይሰጥም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ይታለላል፤ 98 በመቶ ቢያሳይ አትመኑት። ራሱን ያመመውን ሰው መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ሕክምና።