«ዊንዶውሱ አማርኛዬን በላብኝ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ክሶች

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ያለችው የጥገና ሱቄ የስሞታ መቀበያ ሆናለች። ኮምፒውተሩን ታቅፎ የሚገባው ሰው ሁሉ ፍርዱን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ዊንዶውስ 10 ስለሞተ ኮምፒውተሬ ሥራ ያቆማል።» አያቆምም። የቆመው የደኅንነት ማሻሻያው ነው፤ እሱንም የተመዘገበ ግለሰብ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ያገኛል።

«ዊንዶውስ 11 አንዴ ከገባ አይወጣም።» በነባሩ ላይ ተሻሽሎ የገባ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ዲስኩን ፎርማት አስደርገው ከሆነ ግን መመለሻ የለም።

«ድምፁን ያጠፋው የጣና እርጥበት ነው።» ይህን የምሰማው ሐይቁ ዳር ካሉ ሆቴሎች ሠራተኞች ነው። እርጥበት ኮምፒውተር እንደሚጎዳ አልክድም። ነገር ግን ማክሰኞ ማታ ሲዘፍን ያመሸ ኮምፒውተር አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖለት ረቡዕ ጠዋት ዝም ካለ፣ ሐይቁን ተዉት፤ የጎደለው የድምፅ ድራይቨሩ ነው፤ ማለትም የድምፁን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም።

«ራም ጨምርልኝና 11ን ጫንልኝ።» አንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ ከኪሱ አራግፎ 16 ጊጋባይት ራም ገዝቶ መጣ። ላፕቶፑ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የሚመርጠው በሌላ ነው። ከኢንቴል ወገን በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡት። ቲፒኤም የለውም ተብለው የተመለሱ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ተዘግቶባቸው ነው፤ ሳትጠይቁ አትግዙ፣ ሳታዩ አትጣሉ። መስፈርቱን ዘልሎ በጓሮ በር ማስገባትም ይቻላል፤ ማሻሻያው ነገ መምጣቱን ግን ማንም አይዋስላችሁም። ኮር ቱ ዱዎ የተባለው የድሮ ፕሮሰሰር ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ጨርሶ አይነሳላችሁም።

«ማተሚያዬ ተቃጠለ።» አልተቃጠለም። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፤ ለባለ 32 ቢት የተሠራ አሮጌ ድራይቨር አይቀበልም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ከመሰለፉ በፊት ለማተሚያችሁ ባለ 64 ቢት ድራይቨር መኖሩን አረጋግጡ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ስለ ዘጌ ገዳማት የጻፉትን 300 ገጽ በፍላሽ ይዘው መጡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፈ ነው። የወንድማቸው ልጅ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖላቸዋል። ፋይሉ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ባለ ነጥብ አናባቢ ነው። «ልጄ፣ ዊንዶውሱ አማርኛዬን በላብኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ድሮም ፋይሉ ውስጥ አማርኛ አልነበረም» ብላቸው ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸውም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መስፈርት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የአማርኛ ሶፍትዌር የላቲኑን ቦታ እየተዋሰ፣ ፊደላችንን በራሱ አደራደር ይሰካ ነበር። ፋይሉ የያዘው የላቲን ፊደላትን መለያ ቁጥር ነው፤ «ለ» አስመስሎ ያሳየን ፎንቱ ነው። ፎርማቱ ፎንቱን ጠረገው፣ ጭምብሉ ወለቀ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 እዚህ ውስጥ እጃቸው የለበትም።

ፎንቱን ከራሴ ፍላሽ ጫንኩላቸው። ገጹ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ። መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው የመጀመሪያውን መስመር በከንፈራቸው አነበቡት። ቀጥለው ያሉኝ ግን «እዚህ ጋ አራት ነጥብ ይጎድላል» ነው።

ስለዚህ ከፎርማት በፊት ዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ያለውን ፎንትስ የተባለውን አቃፊ ሙሉውን ቅዱ። ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ወደ ዩኒኮድ በመቀየሪያ ፕሮግራም አስቀይሩት፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ፎርማት እዚያው ናችሁ፣ ፍለጋም አይሠራላችሁም። ዋናውን ቅጂ አትንኩት። በኒያላ የተጻፈ ጽሑፋችሁ የገጹ አሰላለፍ ብቻ ከተዛባ አትደንግጡ፤ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆኗል፣ ስትጭኑት ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የተመሰቃቀለውን ጽሑፍ በሙሉ መርጣችሁ ፎንት ቀይራችሁ እንዳታስቀምጡ። አንዳንዱ የድሮ ሶፍትዌር ፊደሉን በአንድ ፎንት፣ የግዕዝ ቁጥሩንና ነጥቡን በሌላ ፎንት ነበር የሚጽፈው። ሁሉንም አንድ ፎንት ስታለብሱት የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ፊደል እንደነበር መለያው ይጠፋል። ያን ጊዜ በእርግጥ ተበላ፤ የበላው ግን የእናንተው እጅ ነው።

ይህን የማውቀው የሰፈራችንን እድር መተዳደሪያ ደንብ እኔው ራሴ በዚህ መንገድ ስላበላሸሁት ነው። የአንቀጹ ቁጥር፣ የመዋጮው ልክ፣ የቅጣቱ ልክ ሁሉ ፊደል ሆኖ ቀረ። ከጸሐፊው ጋር ሁለት እሑድ ሙሉ ተቀምጠን፣ ቡና ከፈሰሰበት የወረቀት ቅጂ ላይ አንድ በአንድ ገለበጥነው። ጸሐፊው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «የዘንድሮ መዋጮ ‹ቸ› ብር ነው፣ ሰምተሃል?» ይለኛል።