የእርዳታ ዱቤ ምንድን ነው?

ስሙ ግራ ያጋባል። እርዳታ ከሆነ ዱቤው ምን አመጣው? ዱቤ ከሆነስ ለምን እርዳታ ተባለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነት የወጣ አገር ገበሬው ዘምቶበታል፣ ባቡሩ ቆሟል፣ የገዛ ገንዘቡን ደግሞ ከድንበር ውጭ የሚፈልገው የለም። ስንዴ ቢያገኝም መግዣ የለውም። እህል ያለው አገር ታዲያ «አሁን ውሰድ፣ ፈርምልኝ፣ ስትቋቋም ትከፍላለህ» ይለዋል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1919 የአሜሪካ ኮንግረስ ለአውሮፓ ምግብ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ሥራውን የመራው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነው። ፖላንድ፣ ቼኮስሎቫኪያ፣ ፊንላንድ፣ የባልቲክ አገሮችና አርሜኒያ ዱቄቱን ሲረከቡ የዕዳ ሰነድ ፈረሙ። በነፃ የታደለው በዋናነት የሕፃናት ምግብ ነበር።

ሁሉም ግን ዱቤ አላገኘም። ሕጉ ጠላት የነበሩትን አገሮች ከልክሏል። ጀርመን ለምግቧ ወርቅ ከፈለች። ኦስትሪያ ወርቁም አልነበራትም፣ ቪየና ደግሞ ተርባለች። ስለዚህ አሜሪካ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለጣሊያን አበደረች፤ እነሱ መልሰው ለኦስትሪያ አበደሩ። ሕጉ ሳይነካ፣ በእጅ አዙር።

ደግነት ብቻ ነው እንዳትሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ አጋሮቹ ትዕዛዝ ስለቀነሱ አሜሪካ ውስጥ የአሳማ ሥጋና ስብ ተከማችቶ ነበር። ገዢ ያስፈልገው ነበር። የተራበ ሕዝብ ወደ ቦልሼቪኮች፣ ማለትም ወደ ሩሲያ ኮሚኒስቶች፣ ያዘነብላል የሚል ስጋትም ነበር። ለእኔ ይህ እርዳታውን ከንቱ አያደርገውም፤ ዳቦው ዳቦ ነው።

ክፍያው ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙዎቹ ተበዳሪዎች መክፈል አቆሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943፣ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር ሌላ መንገድ ያዘ። ያልተወረሩ አባል አገሮች ከዓመታዊ ገቢያቸው 1 በመቶ እንዲያዋጡ ተጠየቁ፤ መክፈል ለማይችሉት በነፃ ተሰጠ። ኢትዮጵያም ከ44ቱ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች፣ ከተረዱትም እንዲሁ።

ከቀድሞዎቹ ተበዳሪዎች ፊንላንድ ብቻ መክፈሏን ቀጠለች። በ1923 የተፈራረመችው ውል 62 ዓመት የሚወስድ ነበር። በ1949 ኮንግረሱ የምትከፍለው ገንዘብ ለሁለቱ አገሮች የትምህርት ልውውጥ እንዲውል ወሰነ። በ1919 የተበላው ዱቄት ዕዳ ከ30 ዓመት በኋላ ፊንላንዳውያንን አሜሪካ ልኮ ማስተማር ጀመረ።