ከልብ የወጣ ጸሎት ወዴት ይደርሳል?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በልብ ውስጥ ብቻ የተደረገ ነገር ከልብ ውጭ ያለውን እንዴት ይለውጣል? የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 ዓ.ም. ለፈላስፋው ዴካርት ስትጽፍ፣ ረቂቅ የሆነች ነፍስ ግዙፉን ሥጋ እንዴት ልታንቀሳቅስ እንደምትችል ጠይቃዋለች፤ የመለሰላትም ስላላረካት ደግማ ጽፋለች። እኛም በጸሎት በቆምን ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመለከተናል።

ነህምያ በሱሳ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህ. 2፥4)። ንጉሡ ይህን ጸሎት እንደ ሰማ መጽሐፍ አይነግረንም፤ በጥያቄና በመልስ መካከል ባለች ቅጽበት በልቡ ያቀረበው ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለወንዝ ማዶ ገዥዎች ደብዳቤ፣ ለንጉሡ ደን ጠባቂ ለአሳፍም የእንጨት ትእዛዝ ተጻፈ፤ የኢየሩሳሌምም ቅጥር በ52 ቀን ተፈጸመ።

ዛሬ «አጥብቀህ ያሰብኸው ይሆንልሃል» እያሉ ለሐሳብ የፈጣሪን ሥልጣን የሚሰጡ አሉ፤ ይህ ትምህርት ምእመናንን ከጸሎት ወደ ራሳቸው ፈቃድ እንዳይመልስ እሰጋለሁ። የነህምያ ሐሳብ በራሱ ኃይል የአርጤክስስን ልብ አላጠፈም። የንጉሥ ልብ በእግዚአብሔር እጅ ነውና (ምሳ. 21፥1)፣ የለማኙንም የተለማኙንም ልብ የያዘው አንዱ ጌታ በመካከላቸው ሠራ። እንዲህም ሆኖ ነህምያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ አስቀድሞ እየጾመና እያለቀሰ ወራት አሳልፏል፣ የሚለምነውንም ለይቶ ያውቅ ነበር፣ ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም የፈረሰውን ቅጥር በሌሊት ዞሮ መረመረ። ነፍስ የራሷን ሥጋ ማንቀሳቀሷም ቢሆን የፈጣሪ ስጦታ እንደ ሆነ እናምናለን።

የቅጥሩን ሥራ የተቃወሙት የሰንባላጥና የጦብያ ቁጣም ከልብ ተነሥቶ ወደ ስድብ፣ ከስድብም ወደ ሴራ አድጓል፤ ስለዚህ ጌታችን ኃጢአትን ገና በልብ ሳለ ይከሳል (ማቴ. 5፥28)። ሴራቸው ግን ያሰቡትን አልፈጸመም፤ እግዚአብሔር ምክራቸውን ከንቱ አደረገው፣ ሕዝቡም እያንዳንዱ ወደ ሥራው፣ ወደ ቅጥሩ ተመለሰ።