የቲቢ ባክቴሪያ ኢንዛይሞችና አዳዲስ መድኃኒቶች፦ ከጎጃም ሲታይ

ዛሬ የምንውጣቸው አብዛኞቹ የቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) መድኃኒቶች የባክቴሪያውን ኢንዛይም የሚያሽመደምዱ ናቸው። ኢንዛይም፣ ማለትም በሕያው ነገር ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ጠላ ሲጠመቅ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። ለሰው የማያስፈልግ፣ ባክቴሪያው ግን ያለሱ መኖር የማይችል ኢንዛይም ከተገኘ ለመድኃኒት ጥሩ ዒላማ ይሆናል።

በደንብ የተጠናው የአይሶኒያዚድ ነገር ነው። ከ1952 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለቲቢ ሲሰጥ ኖሯል፤ የሚመታው ኢንዛይም ግን የታወቀው በ1994 ነው። ክኒኑ ሲዋጥ ገና ኃይል የለውም። ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ካት-ጂ የተባለው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ያነቃዋል፤ ከዚያ ኢንሃ-ኤ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ይዘጋል፤ ማይኮሊክ አሲድ፣ ማለትም ግድግዳውን የሚሸፍነው ሰም መሰል ቅባት፣ መሠራቱን ያቆማል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ካት-ጂ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ከተበላሸ መድኃኒቱን የሚያነቃው የለም፣ በሽተኛው አንድ ቀን ሳያጓድል ቢውጥም። ስለዚህ አሁን ካት-ጂን ሳይጠብቅ ኢንሃ-ኤን በቀጥታ የሚዘጋ ውህድ እየተፈለገ ነው። እኔ ከሁሉም ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን አርኤንኤ ፖሊሜሬዝን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ጂኖች የሚገለብጠውን ኢንዛይም፣ ይመታል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያለው ጂንኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ አክታ ውስጥ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚያነበው የዚህኑ ኢንዛይም ጂን ነው። ኢታምቡቶልም ግድግዳ ሠሪ ኢንዛይሞችን ይመታል።

ከአዳዲሶቹ ቤዳኩዊሊን በ2012 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ፤ ባክቴሪያው ኃይል የሚያመነጭበትን ኤቲፒ ሲንቴዝ ይዘጋል። ዲፒአርኢ-1 የተባለው ሌላው ግድግዳ ሠሪ ኢንዛይም ደግሞ በ2009 ዒላማነቱ ታውቋል።

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። ዝርያ 7 የሚባለው የቲቢ ባክቴሪያ በ2013 የተገለጸው ከኢትዮጵያ ነው፤ አማራ ክልል ውስጥም ተገኝቷል። ቀስ ብሎ ያድጋል ይባላል። በሽተኞቹ ዘግይተው ወደ ሕክምና የሚመጡት በዚሁ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ የጤና ጣቢያው ርቀትም ቢሆን ቀላል ድርሻ ያለው አይመስለኝም። አዳዲስ ውህዶች በአብዛኛው መጀመሪያ የሚፈተኑት ግን ኤች37አርቪ በሚባለው፣ የዘረመል ቅደም ተከተሉ በ1998 በወጣው የላቦራቶሪ ዝርያ ላይ ነው። ዝርያ 7 ላይም ገና ከጅምሩ ይሞከሩ። ለዚህ ሥራ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርብ የለም፤ በሽታውም ታማሚውም ደጃፋቸው ላይ ነው።