ወቅቶች የሚፈራረቁት ለምንድን ነው? ርቀቱን እንተወው

«ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፤ ስትርቅ ይበርዳል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰሞኑን እንደገና አነበብኋት፤ ያውም ሳይንስ ላስረዳ ብሎ ከተነሣ ሰው። ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ሲሆን ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ሰሞን ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ደቡባዊው በሐሩር ይቃጠላል። ጸሐፊው ይመልስልኝ፤ አንዲት ምድር እንዴት በአንድ ጊዜ ቀርባም ርቃም ትገኛለች?

ምክንያቱ የዛቢያዋ (በራሷ ላይ የምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር) ማዘንበል ነው፤ 23.4 ዲግሪ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚያናድደኝ ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ «አዎ፣ ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ወገን ስለሚቀርብ ይሞቃል።» የተባረረው ርቀት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ!

እሳት የሚዞር ሰው እናስብ፤ እሳቱ ፀሐይ፣ ሰውየው ምድር፣ አናቱም ሰሜኑ ነው። ሰውነቱ ምንጊዜም ወደ ሰሜን ዘመም እንዳለ ነው። ከእሳቱ በስተደቡብ ሲደርስ አናቱ ነበልባሉን ይጋፈጣል፤ ግማሽ ዙር ሄዶ በስተሰሜን ሲቆም አናቱ ይሸሻል፣ እግሩ ይጋፈጣል። ዝንባሌው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። (ዛቢያው በየስድስት ወሩ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል የሚሉም አሉ። አይወዛወዝም፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅራቢያ እንዳመለከተ ነው። አቅጣጫውን የሚቀይረው 26,000 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዑደት ነው።) «ታዲያ አናቱ ለእሳቱ ቀርቦ የለም?» ይባላል። እንግዲያው ምጣኔውን እንጠብቅ፤ ሰውየው 1.7 ሜትር ቢረዝም፣ እሳቱ የሚነድደው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠጋት የሞቀው ማን ነው?

ቁም ነገሩ ጨረሩ የሚያርፍበት አንግል ነው። በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 73 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን 27 ብቻ። ያው ጨረር ከእጥፍ በላይ በሚሰፋ መሬት ላይ ይበተናል። ቀኑም ከ15 ሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ያጥራል።

ርቀት ከንቱ ነው አላልሁም። በቅርቡና በሩቁ ነጥብ መካከል ምድር የምትቀበለው ብርሃን በ7 በመቶ ገደማ ይለያያል። ምሕዋሯ ይበልጥ ሞላላ የሆነው ማርስ ላይማ ርቀት ወቅቶቹን በእጅጉ ያዛባቸዋል። ምድር ግን በአማካይ ይበልጥ የምትሞቀው በሐምሌ፣ ከፀሐይ በራቀችበት ሰሞን ነው። ምክንያቱም ሰሜኑ የብስ ይበዛበታል፤ የብስ ደግሞ ከውቅያኖስ ፈጥኖ ይግላል።

ይህ ሁሉ ሙቀትና ብርድን የሚመለከት ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ በአብዛኛው ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው፤ የዝናቡ ቀበቶም ቢሆን ፀሐይን እየተከተለ፣ ጥቂት ሳምንታት እየዘገየ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል።